«ምንጩ ምንድን ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ላስተማራችሁን

ይድረስ፦ በራዲዮ ታሪክን ለምትወያዩ ምሁራን፣ አወያዮችና የስቱዲዮ ባለሙያዎች

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከወላይታ ሶዶ ነው። ምስጋናዬ የአንድ ጣቢያ ወይም የአንድ ሰው ድርሻ ብቻ አይደለም። ማይክሮፎን ፊት ተቀምጣችሁ ያለፈውን ዘመን ማስረጃ ከማስረጃ እያመሳከራችሁ የምትነጋገሩ ሁሉ፣ ጥያቄውን የምታሰናዱ፣ ድምፁን የምትቀርጹ ሁሉ ተካፈሉት። ውለታችሁ ሳይነገር እንዲያልፍ አልፈልግም።

እኛ ዘንድ ታሪክ ጠፍቶ አያውቅም። ከከተማችን በላይ የዳሞታ ተራራ ቆሟል። ከዞናችን ወረዳዎች መካከል ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ሶሬ፣ ዳሞት ፑላሳና ዳሞት ወይዴ የሚባሉ አሉ። ሽማግሌዎቻችን «ካዎ» የምንላቸውን ነገሥታት፣ ካዎ ኦጋቶን፣ ካዎ አማዶን፣ ካዎ ዳሞቴን፣ ካዎ ጎቤን፣ ካዎ ጋጋን፣ ካዎ ጦናን በተርታ ይጠሩልናል። ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ የዘመን መለወጫችን የጊፋታ ዕለት ሥጋ ሲቆረጥ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። የቸገረን ሌላ ነገር ነበር። ሁለት ሰዎች የተለያየ ታሪክ ይዘው ሲገናኙ ድምፁ ከፍ ያለው ያሸንፋል፤ ወይም ሁለቱም ተኳርፈው ይለያያሉ። እናንተ በዚህ መሐል ገብታችሁ አንዲት ጥያቄ አስለመዳችሁን፤ «ምንጩ ምንድን ነው?» የምትለዋን። ዛሬ የማመሰግናችሁ ከሁሉ በላይ ስለ እርሷ ነው።

የዳሞትን ነገር ልጥቀስ። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ አለ፤ በወላይታ አፈ ታሪክ ደግሞ ካዎ ሞቶሎሚ አለ። ለእኛ ሰው ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ስሙ አንድ፣ ተራራውም እዚሁ። ጎጃም ያለው ወገናችን በበኩሉ ዳሞት የሚባል አገር አለው፤ የእርሱም እምነት እንደዚያው ጽኑ ነው። የታሪክ ሰዎች ግን ጉዳዩን ሲያነሡት ረጋ ብለው ነው። የጥንቱ ዳሞት ከዓባይ በስተደቡብ እንደነበረ፣ አፄ ዓምደ ጽዮን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድል እንዳደረጉት፣ ኋላም በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረው የሕዝብ እንቅስቃሴ ከፊሉ ሕዝብ ዓባይን ተሻግሮ ስሙን ይዞ ወደ ጎጃም እንደገባ ያስረዳሉ። ከወላይታ ጋር ያለውን ዝምድና በተመለከተ ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ ገና በ1967 ዓ.ም. «የዳሞትና የወላሞ ጥያቄ» ብላ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ጽፋበታለች። ርእሱ ራሱ «ጥያቄ» ይላል። ይህን የሰማ ሰው የዳሞታን ተራራ ማንም አይወስድበትም። የራሱን ትውፊት እንደያዘ የጎጃሙንም ያከብራል፤ ሁለቱ የሚገናኙበትን ዘመንም መፈለግ ይጀምራል።

ከባዱ ርእስ የ1887 ዓ.ም. ዘመቻ ነው። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ጦር መርተው ወላይታ የዘመቱበት፣ የጅማው አባ ጅፋርም የተከተሏቸው፣ ካዎ ጦና የተማረኩበት፣ ሕዝባችን እጅግ ብዙ ሰው ያጣበት ዘመቻ። ይህ ጉዳይ ሲነሣ ድምፅ የማይንቀጠቀጥበት ቤት እኛ ጋ ብዙ አይደለም። እናንተ ግን ምንጮቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችኋቸው። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል አለ። ዘመቻውን ተከትሎ ሄዶ ያየውን በ1896 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያሳተመው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም አለ። ከአያት ወደ ልጅ የተላለፈው የወላይታ ቃል አለ። ከዚያ እያንዳንዱን መረመራችሁት። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ለማን ነው የሚጽፈው? ፈረንሳዊው ቋንቋውን ያውቃል ወይ? የቆመውስ በየትኛው ወገን ነው? አያታችን ያዩትን ነው ወይስ የሰሙትን ያወረሱን? ሦስቱ የሚስማሙበት የቱ ነው? እልቂቱንና ምርኮውን አላለሳለሳችሁትም፤ ለሌላ ጠብ መቀስቀሻም አላደረጋችሁትም። ወላይታው፣ ሸዌው፣ ጅማው አንድ ሰዓት ሙሉ አብሮ ሰማችሁ። ስለዚያ ዘመቻ አብረን ያዳመጥንበት ሌላ መድረክ ብዙ አላውቅም።

በዚያው ውይይት ላይ ያስተዋልኳት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ምሁሩ «በዲሴምበር 1894» ሲሉ አወያይዋ ቀበል አድርጋ «በእኛ ስንት ይሆናል?» አለቻቸው። «ታኅሣሥ 1887» ብለው መለሱ። ከማይክሮፎኑ አጠገብ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማል። ኋላም ስለ ሌላ ነጥብ «ይህን በጽሑፍ አገኙት ወይስ በቃል?» ብላ ጠየቀች። እኒያ ምሁርም «እስካሁን በጽሑፍ አላገኘሁትም፤ የሰማሁት ከአረጋውያን ነው» አሉ። እንዲህ የሚል ትልቅ ሰው ማድመጥ ለወጣቱ ትምህርት ቤት ነው። ማዕረግ ያለው ሰው የሚያውቀውንና የሚገምተውን ለይቶ ሲናገር የሰማ ልጅ እርሱም መለየት ይለምዳል።

አባቴ የሚኖሩት ቦዲቲ አጠገብ ነው፤ ውይይቱን ከእኔ ይልቅ ይከታተላሉ። እናቴ እንሰት ስትፍቅ ራዲዮው በስልክ ላይ ተከፍቶ ጓሮ ይቀመጣል፤ አባቴ ደግሞ በርጩማቸውን አስጠግተው ይሰማሉ። አንድ ቀን ስለ ኬላዎች፣ ነገሥታቱ አገር ለመከላከል ስላሠሯቸው የድንጋይ ካቦችና ጉድጓዶች ሲወራ፣ የካዎ እጃጆና የካዎ አማዶ ኬላ ተነሣ። አባቴ ድምፁን አስቀንሰው አያታቸው የነገሯቸውን አወሩልን፤ የትኛው ጎሳ በየትኛው በኩል እንደተሰለፈ፣ ስንቅ በምን እንደተመላለሰ። ከዚያ በፊት ይህን አንድም ቀን አልሰማነውም ነበር። ለምን እንዳልነገሩን ስጠይቃቸው «ታሪክ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አሉ። ታናሽ ወንድሜ ወዲያው ስልኩን አንሥቶ ቀረጻቸው፤ ስማቸውን፣ የነገራቸውን ሰው ስምና ቀኑንም አብሮ መዘገበ። ይህን ማድረግ የተማረው ከእናንተ ነው። የአባቴ ዕውቀት ዋጋ ያለው ምስክርነት መሆኑን የነገራችኋቸው እናንተ ናችሁ፤ እኔም እንደ ልጅ አመሰግናችኋለሁ።

ከነገሥታቱ ዘመን ወዲያ እንድናይም አድርጋችሁናል። በዳሞታ ተራራ ደቡብ ምዕራብ ገጽ ላይ የሞጬና ቦራጎ ዋሻ አለ። ለአካባቢው እረኛ የዝናብ መጠለያ ነው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ግን ቆፍረው ከ50,000 ዓመት በላይ የሚሄድ የሰው ልጅ ኑሮ አሻራ፣ ከጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት የተጠረቡ የድንጋይ መሣሪያዎች አግኝተውበታል። ባለሙያው የአፈሩ ንብርብር እንዴት እንደሚነበብ፣ ከላይ ያለው ከታች ካለው ለምን በዕድሜ እንደሚያንስ፣ ዕድሜው እንዴት እንደሚለካ በአማርኛ ሲያስረዳ የሰማ ሰው በዚያ ዋሻ በኩል ሲያልፍ ድንጋይ አንሥቶ አይወረውርም።

ራዲዮ ለዚህ ሥራ እንዴት እንደሚመች እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለ ወላይታ ከተጻፉት ጥልቅ ጥናቶች አንዱ የሬሞ ኪያቲ የዶክትሬት ጽሑፍ ነው፤ በ1984 እ.ኤ.አ. ለፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የቀረበ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ። የቦጋለ ዋለሉ መጽሐፍ በ1956 ዓ.ም. ታትሞ ነበር፤ ዛሬ ገበያ ላይ ፈልጎ የሚያገኘው ዕድለኛ ነው። ሸማኔው፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ቡና የምታፈላው እናት ይህን ሁሉ በየት በኩል ያገኙታል? እጃቸው ሥራ ላይ ነው፤ ጆሯቸው ግን ነፃ ነው። ሶዶ ላይ ወጌታ ኤፍ ኤም 96.6 እና ፋና ኤፍ ኤም 99.9 በየሱቁ ይከፈታሉ። በአዲስ አበባው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ ከታላላቆቻችን ጋር ያደረገቻቸው ጭውውቶችም በስልክ እየተጫኑ እስከ እኛ ይደርሳሉ። በሌላው ዓለምም ቢሆን ይህ መንገድ ፍሬ አፍርቷል፤ በቢቢሲ ራዲዮ በ1998 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ኢን አወር ታይም» በየሳምንቱ ሦስት ምሁራንን በአንድ ርእስ ላይ እያወያየ ከሺህ በላይ ዝግጅቶች አስቆጥሯል። ሕዝብ ጥልቅ ነገር አይሰማም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያዩ ደስ ይለኛል።

አለመስማማታችሁንም አመሰግናለሁ። አንዲት ወጣት መምህርት ያስተማሯትን ፕሮፌሰር «እርስዎ ያሉትን በዚህ ነጥብ አልቀበለውም» ስትል፣ እርሳቸውም «ማስረጃሽን ልስማ» ሲሉ ማድመጥ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። አክብሮቱ ሳይጎድል ሐሳቡ ተፈተነ። ይህ ባለመኖሩ የከፈልነውን እኛ እናውቀዋለን። በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» በተባለው ቅይጥ ቋንቋ የተዘጋጁ መማሪያ መጻሕፍት ሲመጡ፣ ሕዝቡ በወጉ ሳይጠየቅና ሳይመከር የተወሰነ ነበርና ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን የሆነው ከዚያ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች ዛሬ ወላጆች ናቸው። ስለ ማንነትና ስለ ቋንቋ አስቀድሞ በይፋ መነጋገር ሕይወት ያድናል የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ያመሰገነ ሰው መለመንም አያፍርምና ጥቂት ልለምናችሁ። ውይይቶቹን በወላይትኛም አብዙልን፤ የካዎዎቹን ሥርዓትና የጎሳ ስሞችን አረጋውያኑ በገዛ ቋንቋቸው ሲያስረዱ የሚወጣው ዕውቀት ይሰፋል። እናቶችን ጋብዙ፤ የጋብቻን፣ የርሀብ ዘመንን፣ የገበያን ታሪክ የያዙት እነርሱ ናቸው። ከሁሉ በላይ ቅጂዎቹን አስቀምጡ። ቤልጂጋዊው የታሪክ ሊቅ ያን ቫንሲና ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳስተማሩት፣ የቃል ምስክርነት እንደ ሰነድ የሚመረመረው ማን ለማን እንደነገረው ሲታወቅ ነው። አየር ላይ ውሎ የጠፋ ድምፅ አይመረመርም። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ቅርባችን ነው፤ ጣቢያዎቻችንና ዩኒቨርሲቲው ተስማምተው እያንዳንዱን ውይይት ከነቀኑና ከነተናጋሪው ስም ቢያኖሩ፣ የነገዎቹ ተመራማሪዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ከእናንተ ድምፅ ይሆናል። የአባቴን ቅጂ የመጀመሪያው ስጦታ አድርጌ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ፤ እርሳቸውም ፈቅደዋል።

ስቱዲዮ ለመድረስ በሌሊት ለተነሣችሁ፣ ያለ ክፍያ መጽሐፍ ተሸክማችሁ ለመጣችሁ፣ የአድማጭን ቁጣ በትዕግሥት ላስተናገዳችሁ ሁሉ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ጥያቄያችሁን አታቋርጡ፤ እኛም ማዳመጣችንን አናቋርጥም።

አክባሪያችሁ፣
ከወላይታ ሶዶ አንድ አድማጭ