ስለ ገበሬው የተጻፈው ለገበሬው ይነበብለት

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ተብሎ ከጥንት የተነገረው ቃል ከማንም ይልቅ ለገበሬ የቀረበ ነው። ገበሬ መሬቱን ከአባቱ ሲረከብ፣ ለልጁ ሲያወርስ፣ ከወሰንተኛው ጋር ሲሟገት፣ ነገሩ በመጨረሻ የሚቈረጠው በተጻፈው ነውና። ነገር ግን ይህ ምሳሌ ሳይናገረው የተወው አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም ተሳስቶ የተጻፈውም እንደ እውነተኛው ሁሉ የሚወረስ መሆኑ ነው። ዛሬ የገበሬው ስም፣ ዕድሜው፣ የማሳው ስፋትና የጣቱ አሻራ ከወረቀት ወደ መንግሥት ኮምፒዩተር በሚሻገርበት ጊዜ፣ ይህን ቁም ነገር ማስታወስ ለባለሥልጣኑም ለገበሬውም የተገባ ነው።

በኢትዮጵያ የገጠር መሬት ይዞታን መዝግቦ ለባለይዞታው ማረጋገጫ የመስጠት ሥራ በ1990 ዓ.ም. ግድም በትግራይ ተጀምሮ፣ በኋላ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ተስፋፍቷል። ዝርዝሩ በጽሕፈት ቤቱ ባሕር መዝገብ ይሰፍራል፤ ማረጋገጫው ግን በገበሬው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ማንበብ የማይችል ገበሬ እንኳ ተማሪ ልጁን ጠርቶ ወይም የደብሩን ቄስ ለምኖ ያስነብበዋል፤ ስሙ ቢዛባ ወይም ወሰኑ ቢሳሳት ወረቀቱን ይዞ ወደ ወረዳ ይሄዳል። በመዝገብ ላይ አንድ ዐምድ መኖሩና መጉደሉ ምን ያህል እንደሚያመዝን ከዚሁ ሥራ መረዳት ይቻላል። በትግራይ መጀመሪያ የተሰጠው ማረጋገጫ የቤተሰቡን ኃላፊ ስም ብቻ ይይዝ ስለ ነበር፣ ስሙ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የባል ነበረ። በአማራ ክልል ግን የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው አብሮ ሰፈረ፤ በዚህም ምክንያት ሚስት በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ የምታሳየው ማስረጃ አገኘች።

ከዚያ ወዲህ የማሳው ካርታ ጭምር በሁለተኛው ደረጃ ማረጋገጫ ገብቶ፣ መዝገቡ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት በተባለው የኮምፒዩተር መዝገብ መያዝ ጀምሯል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ደግሞ ፋይዳ የሚባለውን መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። በዚህ መታወቂያ ምዝገባ የሰውየው ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታና አድራሻ ይጻፋል፤ የዐሥሩም ጣቶቹ አሻራ፣ የዐይኑ አሻራና የፊቱ ምስል ይወሰዳል፤ ለራሱም 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል።

ይህ ሁሉ በጎ ሥራ መሆኑን መካድ አይገባም። ወረቀት በእሳት ይቃጠላል፣ በዝናብ ይረጥባል፣ አይጥም ይበላዋል። አንድ ማሳ በሁለት ሰው ስም ተጽፎ ሲገኝ የኮምፒዩተር መዝገብ ፈጥኖ ሊያሳይ ይችላል። በጎረቤት አገር በኬንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ2022 ወዲህ ገበሬዎች በመንግሥት መዝገብ እየተጻፉ፣ በመንግሥት ድጎማ ዋጋው የቀነሰውን ማዳበሪያ በስልካቸው በሚደርሳቸው መልእክት አማካይነት እንዲገዙ ተደርጓል። ገበሬዎቹን በስምና በማሳ ለይቶ ያላወቀ መንግሥት ድጎማውን ለትክክለኛው ሰው ሊያደርስ አይችልም። ስለዚህ ክርክሩ መዝገብ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። ጥያቄው፣ በመዝገቡ ውስጥ ስለ እርሱ ምን እንደ ተጻፈ ገበሬው ራሱ የሚያውቀው እንዴት ነው የሚል ነው።

ደብተር በገበሬው እጅ ነበረ፤ የኮምፒዩተሩ መዝገብ ግን በእጁ የለም። የኮምፒዩተሩ መስታወት ፊቱ ወደ ጸሐፊው እንጂ ወደ ባለጉዳዩ አይዞርም። ደግሞም በብዕር የሚሳሳት ጸሐፊ አንድ ቅጠል ያበላሻል፤ መዝገቦች እርስ በርሳቸው በተያያዙበት ጊዜ ግን አንዲት የተሳሳተች አኃዝ ከመሬት ጽሕፈት ቤት ወደ ብድር፣ ከብድርም ወደ እርዳታ ልትሻገር ትችላለች። ጸሐፊው ክፋት ሳያስብ፣ ገበሬውም ሳያውቅ፣ ስሕተቱ ሥር ይሰድዳል።

ይህ በግምት የሚነገር ሥጋት አይደለም፤ በምሥራቅ አፍሪካ የታየ ነገር ነው። በኡጋንዳ ብሔራዊ የመታወቂያ ምዝገባ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ተጀመረ። መንግሥቱ ዕድሜያቸው 80 ዓመት ለሞላ አረጋውያን ድጎማ ይሰጣል፤ ዕድሜያቸውም የሚታወቀው በዚሁ መዝገብ ነው። ነገር ግን በገጠር ከተወለዱት አረጋውያን ብዙዎቹ የልደት ወረቀት የሌላቸው ስለ ነበሩ፣ የአንዳንዶቹ ዕድሜ ከእውነተኛው አንሶ ተጻፈ። ሽበታቸውንና ጉብጠታቸውን ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ መዝገቡ «ገና ናችሁ» ስላላቸው ከድጎማው የቀሩ አሉ።

በኬንያ ሰሜን ምሥራቅ የደረሰው ከዚህ የከፋ ነው። በድርቅ ዘመን ከብቶቻቸው ያለቁባቸው ኬንያውያን ሶማሌዎች በዳዳብ የስደተኞች ሰፈር የሚታደለውን ምግብ ለማግኘት ሲሉ በስደተኛ መዝገብ ተጻፉ፤ ልጆቻቸውንም አስጻፉ። ድርቁ ካለፈ በኋላም የጣት አሻራቸው በዚያው መዝገብ ቀረ። ልጆቹ 18 ዓመት ሞልቷቸው የዜግነት መታወቂያ ሊያወጡ ሲሄዱ መዝገቡ ስደተኛ ናችሁ አላቸው። ይህ የደረሰባቸው ሰዎች ቁጥር በዐሥር ሺሕዎች የሚገመት ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው በስሙ ሥራ መቀጠርም የባንክ ሒሳብ መክፈትም ይቸግረዋል። ለአንድ ዘመን ረኀብ ማስታገሻ የተሰጠ አሻራ የዕድሜ ልክ ዕዳ ሆነባቸው ማለት ነው። ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ለአንድ ጉዳይ የተወሰደ መረጃ ለሌላ ጉዳይ ሲውል፣ ባለቤቱን የጠየቀውም መንገዱን ያሳየውም ባለመኖሩ ነው።

በዚያው በኬንያ ፍርድ ቤቶች የሰጡት ትምህርትም ሊታለፍ አይገባም። መንግሥቱ ሁዱማ ናምባ የተባለውን አንድ ወጥ የመለያ ቁጥር ለሕዝቡ ለመስጠት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ምዝገባ ጀመረ። የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 2020 የዘር ቅንጣት ናሙናና የመኖሪያ ቦታ በሳተላይት መለኪያ እንዳይወሰድ ከለከለ፤ ሥራውም በቂ የሕግ ሥርዓት እስኪቆምለት ድረስ እንዳይቀጥል አዘዘ። በጥቅምት 2021 ደግሞ፣ ሥራው በሰዎች የግል መረጃ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ ስላልተጠና የካርዱ እደላ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። መንገዱን ሳይጠርጉ ጭነት ማንቀሳቀስ የት እንደሚያደርስ ይህ ፍርድ ያስረዳል።

በኢትዮጵያ ሕጉ ወጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የታወጀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ እንዲያይ፣ የተሳሳተውን እንዲያሳርም፣ መረጃው ለምን እንደሚወሰድም አስቀድሞ እንዲነገረው መብት ሰጥቷል። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ከዚያ ዓላማ ውጭ እንዳይውል ይገድባል፤ የቍጥጥሩንም ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። አዋጁ የሚመሰገን ነው። ሆኖም መብቱ የሚያገለግለው የጠየቀውን ሰው ነው። የከተማ ነዋሪ ሊጠይቅ ይችል ይሆናል። ከወረዳው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የሚኖር፣ መዝገብ ስለ እርሱ መያዙንም ያልሰማ ገበሬ ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? ላልጠየቀው ሰው መብቱን ይዞ መሄድ የመንግሥት ፈንታ ነው።

ለዚህም አዲስ ዘዴ መፈለግ አያሻም፤ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ ዘዴው በገጠሩ ቀድሞ የሚታወቅ ነው። የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ የተለካውና የተጻፈው ማሳ በቀበሌው ለሕዝብ እይታ እየቀረበ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ቀርቦ እንዲናገር ይደረግ ነበር። ይኸው ልማድ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር ሳይሆን በየዓመቱ የሚደረግ ሊሆን ይገባል። መኸሩ ተሰብስቦ ዐውድማው ከጸዳ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ የወረዳው ጸሐፊ መዝገቡን ይዞ ወደ ቀበሌ ይውረድ፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብም ስለ እርሱ የተጻፈውን በሚሰማው ቋንቋ ያንብብለት።

ይሁን እንጂ ሁሉም በአደባባይ አይነበብም። የማሳው ወሰንና ስፋት የወሰንተኛ ምስክርነት የሚያሻው ስለሆነ በሸንጎ ፊት ቢነበብ ይጠቅማል። ዕዳው፣ ሕመሙ፣ የተቀበለው እርዳታ፣ የስልክ ቁጥሩና የመታወቂያ ቁጥሩ ግን የራሱ የብቻው ናቸውና ለብቻው ይነገሩት። ሚስትም ባሏ ሰምቶላት የሚበቃ አይደለም፤ ስሟ በመዝገቡ መኖሩንና አለመኖሩን በራሷ ጆሮ ትስማ። ስሕተት የተገኘ እንደሆነ ጸሐፊው ቀኑንና የታረመውን ነገር ጽፎ፣ ስሙን ፈርሞ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለባለጉዳዩ ይስጥ። መዝገቡ ለሌላ መሥሪያ ቤት ተላልፎ እንደሆነም ለማንና ስለ ምን እንደ ተላለፈ በዚያው ጊዜ ይነገረው።

ይህ ሥራ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ጸሐፊዎቹም ጥቂቶች ናቸው የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ተቃውሞው እውነት አለው። ነገር ግን በተሳሳተ መዝገብ ምክንያት የሚነሣ የመሬት ክርክር ከቀበሌ ሽማግሌ ተነሥቶ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ ባለጉዳዩ ከእርሻው፣ ዳኛው ከሌላው ሥራው፣ ምስክሩም ከቤቱ ይቀራል። በአንድ ቀን የሚታረመውን ስሕተት ለዐሥር ዓመት ክርክር መተው ቁጠባ ሊባል አይችልም። በየቀበሌው ያሉት የግብርና ሠራተኞችና የትምህርት ቤት መምህራንም ለዚህ ሥራ በምስጢር ጠባቂነት ቢማሉና ቢሠለጥኑ፣ የጸሐፊው ሸክም ይቀልላል።

መዝገቡን በየዓመቱ ማንበብ ለመንግሥቱም ትርፍ አለው። ያልታረመ መዝገብ እያደር ይሞታል፤ አባት ሞቶ ስሙ ይኖራል፣ ልጅ ተከፍሎ ወጥቶ በአባቱ ቤት ይቈጠራል። በየዓመቱ በባለቤቱ ፊት የተነበበ መዝገብ ግን ሕያው ስለሆነ፣ ማዳበሪያውም ብድሩም እርዳታውም የሚታደለው በእውነተኛ ቁጥር ይሆናል። ደግሞም ገበሬ የማያውቀውን መዝገብ ይፈራል፤ የሚፈራውንም ሲጠየቅ የከብቱን ቁጥር ያሳንሳል፣ የምርቱን ልክ ይሸሽጋል። የተነበበለትንና ያረመውን መዝገብ ግን እንደ ራሱ ንብረት ይጠብቀዋል።

እንግዲህ የግብርናና የመሬት ባለሥልጣኖች ከሚቀጥለው መኸር በፊት በጥቂት ቀበሌዎች ይህን ንባብ ጀምረው ውጤቱን ቢመዝኑ፣ ከዚያም ወደ ሌሎቹ ቢያስፋፉት የተገባ ነው። ገበሬዎችም ጣታቸውን ከማስነካታቸውና ስማቸውን ከማስጻፋቸው በፊት፣ «ይህ የሚጻፈው ለምን ነው? ማንስ ያየዋል? ቢሳሳት የሚያርመው ማነው?» ብለው መጠየቅን ይልመዱ። ጠያቂን መቈጣት ለጸሐፊ አይገባውም፤ መልሱን መስጠት የተሾመበት ሥራው ነው።