ያላነበብነውን ጥናት ስንጠቅስ

በትዳር ጉባኤዎቻችን ላይ የማይቀር አንድ ቁጥር አለ። ሰባኪው ስለ ቤተሰብ ሲያስተምር ይቆይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወገኖቼ፣ በኢትዮጵያ 71 ከመቶ የሚሆኑ ሴቶች በባሎቻቸው ይደበደባሉ፤ ይህን ጥናት ያረጋገጠው ነው» ይላል። እኛም «ጌታ ሆይ፣ ማረን» እንላለን፤ ማስታወሻ የያዝን እንጽፋለን። ጥናቱ የት ተሠራ? ማን ተጠየቀ? ምን ተብሎ? ማንም አይጠይቅም።

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ አጥቢያ ይህ ቁጥር ሲነገር ከኋላ ወንበር አንድ አባት ተነሡና፣ «ይህ አገራችንን ማዋረድ ነው፤ ፈረንጅ የጻፈውን ሁሉ አትመኑ» አሉ። ሰባኪው ጥናቱን አላነበበውም። እሳቸውም አላነበቡትም። አዳራሹን ከሞላነው መካከል አንድም ያነበበ አልነበረም። የሚገርመው ቁጥሩ የመጣው ከሩቅ አገር ሳይሆን በዙሪያችን ካሉት ቀበሌዎች መሆኑ ነው።

እኛ ወንጌላውያን ጥቅስ ሲጠራ መጽሐፍ ቅዱሳችንን ገልጠን የምናይ ሰዎች ነን። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን ያህል ሐዋርያ እየሰሙ እንኳ ነገሩ እንደዚያ መሆኑን ከመጻሕፍት ይመረምሩ እንደ ነበር ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል (ሐዋ. 17፥11)። ነገር ግን «ጥናት ያሳያል» የሚለው ቃል ከመድረክ ሲወጣ ያ ሁሉ ልማዳችን የት እንደሚገባ አናውቅም። ወይ እንደ አለ እንውጠዋለን፣ ወይ «የዓለም ጥበብ» ብለን እንጥለዋለን። ሁለቱም ያው አለማንበብ ነው።

እስቲ ይህን አንዱን ጥናት እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ከ24 ሺህ በላይ ሴቶችን አነጋግሮ ስለ ሴቶች ጤናና በቤት ውስጥ ስለሚደርስባቸው ጥቃት ያጠናው ሲሆን፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። የኢትዮጵያው ክፍል የተሠራው በቡታጅራ አካባቢ፣ በዚያን ጊዜ መስቃንና ማረቆ ይባል በነበረው ወረዳ ነው። ለምን ቡታጅራ ተመረጠች ቢባል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የልደት፣ የሞትና የፍልሰት መዝገብ ሲይዝ ስለ ነበር ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ «ማን ተወለደ? ማን ሞተ?» የሚሉትን መዝጋቢዎች ከመካከላችን ብዙዎች ያስታውሷቸዋል። ከዚያ መዝገብ ተነሥቶ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 3,016 ሴቶች ተጠየቁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። ሪፖርቱ በሰንጠረዦቹ ላይ ውጤቱን የሚያስቀምጠው ለአገሪቱ በሞላ ሳይሆን ለአንድ የኢትዮጵያ ክፍለ ሀገር ነው። ጸሐፊዎቹ ተጠንቅቀው የለዩትን እኛ ከመድረክ ላይ ለመላው ኢትዮጵያ አደረግነው። ሁለተኛው፣ 71 ከመቶው የተሰላው ባል ወይም አጋር ከነበራቸው ሴቶች መካከል ነው እንጂ ከሴቶች ሁሉ አይደለም። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ቁጥሩ ስለ ድብደባ ብቻ አይናገርም። በዕድሜዋ በማንኛውም ጊዜ በባሏ ወይም በአጋሯ አካላዊ ጥቃት፣ ወይም ወሲባዊ ጥቃት፣ ወይም ሁለቱም የደረሰባትን ሴት ይቆጥራል። አካላዊው ለብቻው 49 ከመቶ ነው፤ ወሲባዊው 59። ሁለቱን ብትደምሩ ከ100 ያልፋል፤ ይህም ከሦስቱ ከአንዷ በላይ የሚሆኑት ሁለቱንም ያዩ በመሆናቸው ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ቁጥሮች የሚበልጠው የትኛው እንደ ሆነ ልብ በሉ። ሰባኪያችን «ይደበደባሉ» ብሎ ሲያልፍ የተወው ትልቁን ነው፤ ሳትፈልግ በጉልበት ወይም በፍርሃት ከባሏ ጋር የተኛችዋን። በትዳር ትምህርቶቻችን ስለ ዱላ እንናገራለን። ስለዚህኛው ግን አንደፍርም፤ እንዲያውም 1 ቆሮንቶስ 7ን አለቦታው እየጠቀስን ዝም የምናሰኛት እኛ ነን። ጥናቱን አንብበን ቢሆን ኖሮ የመድረኩ መልእክት ሌላ ይሆን ነበር።

በወልቂጤ ደግሞ በአንድ የወጣቶች ትምህርት ላይ ሌላ ነገር ሰምተናል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከ71 ወደ 34 ወርዷል!» 34ቱ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2016 በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። እሱም ትዳር ይዘው ከሚያውቁ ሴቶች 34 ከመቶ የሚሆኑት በባል አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ይናገራል። አንዱ የአንድ ወረዳ፣ ሌላው የአገር ነው። አንዱ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በሌላው ይህ ጥያቄ ስለ ወሊድ፣ ስለ ክትባትና ስለ ምግብ ከሚጠየቀው ብዙ ነገር መካከል አንዱ ክፍል ነው። ደግሞም ሁለተኛው ስሜታዊውን ጨምሮ ሰፋ ባለ ወንፊት ነፍቶ ያነሰ ነው ያገኘው። ይህ «ወረደ» ለማለት አያበቃም፤ የተለያየ ሰፈርን ውኃ በተለያየ እንስራ ለክቶ ወንዙ ጎደለ እንደ ማለት ነው። አንድ ወገን ብቻ ሲሰማ ነገሩ ሁሉ እውነት እንደሚመስል ምሳሌ 18፥17 ያስጠነቅቃል፤ ሁለት ጥናት ጎን ለጎን ሲቀመጥም የሚሠራው ይኸው ነው።

በጉብሬ ካለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ የፌሎሺፕ ልጆች «እንግሊዝኛው ይከብዳል፣ ከየት እንጀምር?» ይሉናል። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ለማንበብ አትሞክሩ። አብስትራክቱን እንደ ስብከት ርእስ ቁጠሩት፤ ርእሱን የሰማ ስብከቱን ሰማ አይባልም። ከዚያ ወደ ዘዴው ሂዱ፤ ማን፣ የት፣ ስንት ሰው፣ እንዴት ተጠየቀ የሚለው ያለው እዚያ ነው። ሰው ሁሉ የሚዘለው ክፍል ይህ ነው፤ የተልእኮው ቁልፍ ግን እዚያ ተቀምጧል። ሉቃስ እንኳ ወንጌሉን ሲጀምር ከማን እንደ ሰማ፣ እንዴት እንደ ተከታተለና ለምን እንደሚጽፍ አስቀድሞ ይነግረናል (ሉቃ. 1፥1–4)። (ዳንኤልም በምዕራፍ 1 ለ10 ቀን እንዲፈተኑና ከሌሎቹ ወጣቶች ጋር እንዲተያዩ ነው የጠየቀው፤ ናሙናው አራት ሰው ብቻ ነው ብለን እንዳንከራከር እንጂ።) ቀጥሎ ጸሐፊዎቹ ስለ ጥናታቸው ውስንነት ራሳቸው ያሉትን ፈልጉ። ከዚያ ሰንጠረዦቹን፣ በመጨረሻም ሐተታውን። ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ይፍጅ፤ አንድ ላይ ሆናችሁ አንብቡት።

ቃላቱም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጥናት ጽሑፍ «ሊሆን ይችላል»፣ «ተያይዞ ተገኝቷል» ማለት ይወዳል። ወደ አማርኛ ስናመጣው «ይችላል» በመንገድ ይወድቃል፤ «ተያይዞ» የነበረውም «ያመጣል» ይሆናል። ቡታጅራ ውስጥ 1,065 ሴቶችን ከእርግዝናቸው ጀምሮ የተከታተለ ሌላ ጥናት አለ። ከወሊድ በፊትም በኋላም የዘለቀ የእናት የአእምሮ ጭንቀት ከሕፃኑ የተቅማጥ ሕመም ጋር ተያይዞ አግኝቷል። ይህን አንብቦ «የምትጨነቅ እናት ልጇን ታሳምማለች» ብሎ የሚሰብክ ሰው ምን እያደረገ እንደ ሆነ አስቡት። ልጇ የታመመባትን፣ እንቅልፍ ያጣችውን፣ ምናልባትም ንጹሕ ውኃ የሌላትን እናት በጥናት ስም ይከስሳታል። ችግርና ድኅነት ሁለቱንም አብረው ሊያመጡ እንደሚችሉ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደም። አንዲት ቃል ወደቀች፣ ሸክሙ ግን በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ወጣ።

ወደዚያ አባት ቅሬታ እንመለስ። «አገር ማዋረድ ነው» ያሉት ልባቸው ስለ ተነካ ነው፤ እንረዳቸዋለን። ቁጥሩ ሲጋነን ማረም ተገቢ ነው፤ ቡታጅራ በዓለም ሰንጠረዥ ላይ ከፍተኛው ቁጥር ያለባት ሆና መታየቷም አያስደስትም። ሆኖም «የፈረንጅ ወሬ» የሚለው አያስኬድም። መዝገቡን የያዙትም፣ ቤት ለቤት የጠየቁትም፣ የመለሱትም የዚሁ አገር ሰዎች ናቸው። ደግሞስ በጉራጌ የሴት የትዳር በደል በአደባባይ ሲነገር የመጀመሪያው ነው እንዴ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ወርድወት በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ሴት ከማትፈልገው ትዳር እንድትወጣ ይፈቀድላት ብላ መከራከሯን አባቶቻችን ነግረውናል። እሷን ፈረንጅ አላስተማራትም።

ለዚህ ነው መመርመርን ማምለጫ የሚያደርጉትን ወገኖች የምንቃወመው። «ናሙናው አንድ ወረዳ ብቻ ነው» ብሎ ወረቀቱን የሚዘጋ ሰው በጥናት ቋንቋ ይናገር እንጂ እያነበበ አይደለም። አንድ ወረዳ ብቻ ነው፤ ልክ ነው። ነገር ግን ያ ወረዳ የኛ ነው። በእሑድ አምልኮ አጠገባችን የሚቀመጡት እነዚያ ሴቶች፣ ልጆቻቸውና እኅቶቻቸው ናቸው።

የጥናቱን ዘዴ ከአጥቢያችን ሽማግሌዎች ጋር ስናነብ ከቁጥሩ ይልቅ የነካን አጠያየቁ ነበር። ጠያቂዎቹ የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው። ከአንድ ቤት የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ብቻዋን፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት። ድንገት ሰው ቢገባ ጠያቂዋ ወደ ሌላ ርእስ እንድትሻገር ተዘጋጅታለች። «በደል ደርሶብሻል ወይ?» ተብላም አትጠየቅም፤ በጥፊ መትቶሽ ያውቃል? ገፍትሮሽ ያውቃል? በቡጢስ? እየተባለ አንድ በአንድ ነው። እኛስ እንዴት እንጠይቃለን? ከአምልኮ በኋላ በር ላይ «ሰላም ናችሁ? ትዳር እንዴት ነው?» እንላለን። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ሌላ ምን ትበል?

እኚያ አባትም በዚያ ንባብ ላይ ነበሩ። ይህ ክፍል ተተርጉሞ ሲነበብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እኛ እኮ ባልየውን አጠገቧ አስቀምጠን፣ ሦስት ወንዶች ከፊቷ ተደርድረን ነው የምንጠይቃት» አሉ። በሚመጣው ወር የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ የማማከር አገልግሎቱ አጀንዳ እንዲሆን ያስያዙት እሳቸው ናቸው፤ ሁለት እናቶችም ለዚሁ ሥልጠና እንዲወስዱ ስማቸውን አቅርበዋል።