የዶሮ ተባይ መድኃኒቱ ከየት ይገኛል?

በአሶሳ ዞን፣ በሆሞሻ ወረዳ በምትገኘው በጾሬም ሆነ በሌላው የአገራችን ገጠር፣ ዶሮ በአብዛኛው የእናቶችና የልጆች ሀብት ናት። ላም ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ ሁለትና ሦስት ቄቦች ማሳደግ አያቅተውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በጾሬ በተቋቋመው የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ እንዳለው ባለ ጠባብ ግቢ ለሚኖር ሰውም ቢሆን ከዶሮ የሚቀል እርባታ የለም። ከእንቁላል የሚገኘው ገንዘብ ጨው ይገዛል፤ የልጅ ደብተር ይገዛል። ስለዚህ የዶሮ ተባይ ነገር ሲያዩት ተራ ቢመስልም የቤተሰብ ኑሮ ጉዳይ ነው።

ተባዩን ስለ ማጥፋት ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን፣ «ከገበያ መርዝ ገዝቶ መንስነስ ይሻላል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «አባቶቻችን በአመድና በቅጠል ሲከላከሉ ኖረዋል፤ ያው ይበቃል» ይላል። በበኩሌ የምደግፈው ሁለተኛውን ነው። ይሁን እንጂ አመዱና ቅጠሉ ብቻውን ይበቃል የሚለውን አልቀበልም። ከመድኃኒቱ በፊት የጠላትን መኖሪያ ማወቅ ይቀድማልና።

የዶሮ ተባዮች ሁሉ አኗኗራቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ቅማል ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው በዶሮዋ ላባ ውስጥ ነው፤ ከገላዋ ከተለየ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ቀዩ ቅንቅን ግን ቀን ቀን በግድግዳና በቆጥ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ ደሟን ይመጥጣል፤ ሊነጋ ሲል ወደ ዋሻው ይመለሳል። ሙቀት በተመቸው ጊዜ ከእንቁላል ተነሥቶ ለመራባት አንድ ሳምንት ያህል ይበቃዋል። ደም ሳያገኝም ለወራት ሊቆይ ይችላል። የዶሮ መዥገርም አኗኗሩ ከዚሁ ጋር ተመሳሳይ ነው። እንግዲህ ባለቤቲቱ ቀን ዶሮዋን ይዛ ላባዋን ብትፈትሽ ቅንቅን ላታገኝ ትችላለች። ዶሮዋ ግን ፊቷ ይገረጣል፤ እንቁላል ማቆሟም አይቀርም፤ የታቀፈችም እንደ ሆነ እንቁላሏን ጥላ ትነሣለች።

ከዚህ የምንረዳው ትልቁ ሥራ በዶሮዋ ላይ ሳይሆን በቤቷ ላይ መሆኑን ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቀርቀሃ እንደ ልብ ስለሚገኝ የዶሮ ቤትም የሚሠራው ከዚሁ ነው። ቀርቀሃ ቀላልና ርካሽ መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን መጋጠሚያው ስንጥቅ የበዛበት በመሆኑ ለቅንቅን የተመቸ መደበቂያ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን በጭቃ መምረግ፣ ቆጡን በየጊዜው አውጥቶ የፈላ ውሃ ማፍሰስና ፀሐይ ላይ ማዋል፣ የእንቁላል መጣያውን ድርቆሽ አውጥቶ ማቃጠል ይገባል። ይህም በሳምንቱ መደገም አለበት፤ አለዚያ ከእንቁላል የሚፈለፈለው አዲሱ ትውልድ ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ይህ ከተደረገ በኋላ አመድም ቅጠልም ቦታ አላቸው። ዶሮ በተፈጥሮዋ አፈር ትታጠባለች። በክረምት ምድሩ ጭቃ ስለሚሆን ይህን ታጣለች። ዝናብ በማይገባበት ጥግ ደረቅ አፈርና የእንጨት አመድ ቢቀመጥላት ራሷን ታክማለች። በካሊፎርኒያ የተደረገ ጥናትም፣ የሸክላ አፈር ወይም ድኝ በተጨመረበት አፈር የታጠቡ ዶሮዎች ቅማላቸውና ቅንቅናቸው እጅግ መቀነሱን አሳይቷል። በቆላ አገር ለጥላ የሚተከለው ኒምም ይጠቅማል፤ ሆኖም ተባይ የሚያጠፋው ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው በቅጠሉ ሳይሆን በፍሬው ውስጥ ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መርዙ በአንድ ቀን ይጨርሰው የለም ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። በመምህርነት ዘመኔ አንድ ተማሪዬ ከማሳ የተረፈውን የተባይ መድኃኒት በዶሮዎቹ ላይ ነሰነሰ። በማግሥቱ ቅማሉም ዶሮዎቹም አልነበሩም። ዶሮዋ ብትተርፍ እንኳ መርዙ በእንቁላሏ በኩል ወደ ልጆች አፍ ሊደርስ ይችላል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በኔዘርላንድስና በቤልጅግ የሆነው ይኸው ነው። ቅንቅንን ለማጥፋት «ከዕፀዋት የተሠራ» ተብሎ በተሸጠ መድኃኒት ውስጥ ፊፕሮኒል የተባለ መርዝ ተቀላቅሎ ስለ ተገኘ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ከገበያ ተሰብስቦ ተጣለ።

ይህ ታሪክ እኛንም፣ የተፈጥሮ ዘዴ ደጋፊዎችን፣ ያስጠነቅቀናል። «የተፈጥሮ» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የትምባሆ ውኃም ከቅጠል የተገኘ ነው፤ ነገር ግን ዶሮዋንም የሚያርሰውንም ሰው ይመርዛል። ደግሞም ፈንግልን የሚያመጣው ተባይ ሳይሆን ቫይረስ ነው። ፈንግልን አመድም ኒምም አያስቆመውም፤ መከላከያው ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረተው ክትባት ነው። ክትባትን በቅጠል ለመተካት መሞከር መንጋን መፍጀት ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። የብሂሉ ቁም ነገር ግን ከቅጠሉ ይልቅ «ሳይቃጠል» በሚለው ላይ ነው። የዶሮን ተባይ የሚያሸንፈው ቀድሞ የሚነሣ ባለቤት እንጂ ብርቱ መርዝ አይደለም። መጥረጊያው፣ የፈላው ውሃ፣ ፀሐዩና አመዱ በየቤታችን አሉ። የሚጎድለን እነዚህን በየሳምንቱ ለመጠቀም መትጋት ነው።