አልጋ ይቅደም ወይስ ጠረጴዛ?

መስከረም በጠባ ቍጥር ከሀብሩ፥ ከጉባ ላፍቶና ከራያ ቆቦ ገጠሮች ወደ ወልድያ የሚገቡትን አውቶቡሶች ጣራ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው፥ የተማሪን ኑሮ ማንንም ሳይጠይቅ ሊረዳው ይችላል። ፍራሹ ተጠቅልሎ ታስሯል፤ የጠፍር አልጋው እግሩን ወደ ሰማይ አንሥቷል፤ የዱቄቱ ከረጢት፥ የከሰሉ ማዳበሪያና ጀሪካኑ ተደራርበዋል። ጠረጴዛ ግን የለም። እኔ ይህን ነገር ሳይ አራት ዓመት ሆኖኛልና፥ ዘንድሮ ከትምህርት ቤታችን ከመሰናበቴ በፊት ያለኝን አሳብ ለውድ አንባቢዎች ባቀርብ ድፍረት እንዳይሆንብኝ እለምናለሁ።

አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ የተማሪ ክፍል ሲደራጅ አስቀድሞ ቦታውን መያዝ የሚገባው ጠረጴዛ ነው። አልጋው ጠረጴዛው በተወለት ቦታ ይግባ እንጂ፥ ጠረጴዛው ከአልጋ የተረፈ ቦታ ለማኝ አይሁን።

እኔ የመርሳ አካባቢ ልጅ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ከአክስቴ ልጅ ጋራ ሆነን ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የማትሞላ ክፍል ተከራየን። ይህች ክፍል ለእኛ መኝታ ቤት፥ ማድ ቤት፥ ጎተራና የጥናት ቤት ነበረች። አባቴ አልጋውን ተሸክሞ ካስገባ በኋላ ነፋስ እንዲያገኘን ብሎ በመስኮቱ ሥር ዘረጋው። እናቴም ድርቆሹን፥ በሶውንና ሽሮውን በግርጌ በኩል ደረደረች። «ጠረጴዛስ?» ብዬ ብጠይቅ አባቴ ስቆ፥ «ጠረጴዛውማ ትምህርት ቤት አለ አይደል?» አለኝ። ነገሩ ለእኔም እውነት መሰለኝ።

ዳሩ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ሆነ። ማታ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብዬ መጽሐፉን ስገልጥ ሁለት ገጽ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ሥጋችን አልጋን የሚያውቀው በእንቅልፍ ስለ ሆነ ልናጠናበት ብንፈልግም አይሰማንም። ልተኛ ብዬ መብራቱን ሳጠፋ ደግሞ ያልጨረስሁት የቤት ሥራ እየመጣ ያባንነኛል። እንግዲህ ጥናቴ እንቅልፍ፥ እንቅልፌም ጥናት ሆኖ ሁለቱንም አጣሁ።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። በማግሥቱ የሒሳብ ፈተና ነበረብኝና ሻማውን በበሶው ጣሳ ክዳን ላይ አቁሜ በሆዴ ተኝቼ እሠራ ጀመር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የአክስቴ ልጅ እየጮኸች ውሃ ስትደፋብኝ ነው። እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝ ጋቢ ጫፉ ነድዶ፥ የሒሳብ ደብተሬም እኩሌታው ከስሎ አገኘነው። ፈጣሪ ይመስገን፥ እኛ ተረፍን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሏን እንደ ገና አደራጀናት። ቲማቲምና ማንጎ የሚጫንባቸውን ሁለት የእንጨት ሣጥኖች ለምነን አመጣን፤ በላያቸውም ከአናጢ ቤት የተረፈ ጣውላ አጋደምንባቸው። አልጋውን ከመስኮቱ ሥር አንሥተን ወደ ጨለማው ማዕዘን ወሰድነው፤ ለመተኛት ብርሃን አያስፈልግምና። ጠረጴዛውንም መስኮቱ በስተግራችን እንዲሆን አድርገን አቆምነው። በቀኝ እጁ ለሚጽፍ ሰው ብርሃኑ ከግራ ሲመጣለት የገዛ እጁ ጥላ በጽሕፈቱ ላይ አያርፍበትም። ስንቁን እርጥበትና አይጥ እንዳያገኘው ከመሬት ከፍ አድርገን ከበሩ ጀርባ አኖርነው። የከሰል ምድጃው በር ተከፍቶ በደጅ ካልሆነ እንዳይነድድ ተስማማን፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም መልክም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያስነቃ ይገድላል። መጻሕፍታችንን ግን በከረጢት አድርገን በግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀልናቸው።

ይህ የመጨረሻው ዘዴ የእኛ ብልሃት አይደለም። የቆሎ ተማሪ በጠባብ ጎጆው መጽሐፉን በማኅደር አድርጎ በግድግዳ ላይ ይሰቅላል። በወሎ የሐሪማ ደረሳም ቢሆን ሉሁን እንደ ተራ እንጨት መሬት ላይ አይጥለውም። አባቶቻችን ቤታቸው ቢጠብም ለትምህርት ዕቃ የክብር ቦታ ነፍገውት አያውቁም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ክፍላችን ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛ ከገባ እንግዳ የት ይቀመጣል?» ይሉኛል። እንግዳው አልጋው ላይ ይቀመጥ፤ እርሱ መጥቶ ይሄዳል፥ ትምህርቱ ግን በየቀኑ የሚመጣ እንግዳ ነው። ሌሎቹ «ድኾች ነን» ይላሉ። ድኽነቱን አልክድም፤ ነገር ግን የእኛ ጠረጴዛ ከአንድ ጣውላ በቀር ገንዘብ አልጠየቀንም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፥ ጠረጴዛ ስላገኘሁ አንደኛ አልወጣሁም። ነገር ግን ስቀመጥ ማጥናቴን፥ ስጋደም መተኛቴን ዐወቅሁ፤ ይህም ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ ደርሶ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በመከራ ስትቈይ፥ በአካባቢያችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ዴስካቸው ተሰባብሮ ንብረታቸውም ተዘርፎ ነበር። ወላጆች ሁሉ ልጆቻቸው ምን ላይ ተቀምጠው እንደሚማሩ አስበው አዘኑ፤ ማዘናቸውም ተገቢ ነበር። ታዲያ ያው ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ማታ የሚያጠናውን ምን ላይ ተቀምጦ ያጥና?

የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። ምክንያቱ የጠረጴዛ እጦት ነው የሚል ቢኖር ይሳቅበታል፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ከብዙዎቹ ምክንያቶች መካከል በአንድ ከሰዓት በኋላ በገዛ እጃችን ልናቃናው የምንችለው ይህን ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በመጪው መስከረም ዱቄቱን ስትጭኑ አንድ ጣውላ ጨምሩበት። አከራዮች ሆይ፥ ተማሪ በግድግዳችሁ ላይ አንድ ምስማር ቢመታ አትቈጡት። መምህራኖቻችንም «አጥንተሃል ወይ?» ብላችሁ ስትጠይቁ፥ «የት ሆነህ ነው የምታጠናው?» የሚለውን ጥያቄ አትርሱብን።

አባቴ ባለፈው ጥር ስንቅ ይዞልን መጣ። ከረጢቱን ከትከሻው አውርዶ እንደ ልማዱ ያገኘው ቦታ ላይ፥ ማለትም ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው። እኔ አፍሬ ዝም አልሁ። እርሱ ግን ደብተሬን ከሥሩ አየውና ከረጢቱን መልሶ አንሥቶ መሬት ላይ አኖረው፤ ጣውላውንም በነጠላው ጫፍ ጠረገው። ከዚያም «የጥናት ቦታሽ ይህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ፥ አባዬ» አልሁት።