«ኢንጀክተሩ ነው» ሲሏችሁ በሬ ለመሸጥ አትቸኩሉ

ዛሬ ስለ ዘርና ማዳበሪያ አላወራም። ዛሬ ትንሽ ተናድጄ ነው የምጽፈው። ትራክተር ያላችሁም፣ በኪራይ የምታሳርሱም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ባለፈው ሰኔ ከጉደር ወጣ ብሎ ያሉ የማውቃቸው አንድ አባት ትራክተራቸው መንተፋተፍ ጀመረ። ጉልበት አነሰው፣ ጭስ አበዛ። መካኒክ ተጠራ። መጣ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ጭሱን አየ፤ አምስት ደቂቃ እንኳን አልሞላም፣ «ኢንጀክተሩ ሄዷል፣ አራቱም ይቀየር» አለ። አባት ስልክ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? «ኦቦ፣ እሱ ባለሙያ ነው፤ ያለዎትን ያድርጉ።» ይህ መልሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለት በሬ ተሸጠ። አራት ኢንጀክተር ከአዲስ አበባ ተገዝቶ መጣና ተገጠመ። ሁለት ቀን ደህና አረሰ። በሦስተኛው ቀን ያው መንተፋተፍ፣ ያው ጭስ። በኋላ ድሮ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ይነዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መጡ። ኢንጀክተሩን አልነኩትም። መጀመሪያ የናፍጣውን ፊልትሮ ፈቱት። ወረቀቱ ተቀዷል፣ ስኒው ውስጥ ውሃና ዝገት ተኝቷል። «በርሜሉን አሳዩኝ» አሉ። በርሜሉ ሥር ሁለት ጣት ውሃ ነበረ። የወጡት አሮጌ ኢንጀክተሮች በኋላ በመሣሪያ ሲፈተሹ ከአራቱ የተበላሸው አንዱ ብቻ ነበር። ሦስቱ ጤነኛ ናቸው! አዲሶቹን ደግሞ ያው ቆሻሻ ናፍጣ በሦስት ቀን አበላሻቸው።

ተራ ይጠብቁ የነበሩ ጎረቤቶች ዘር አመለጣቸው። እሳቸውም ትራክተራቸው ቆሞ፣ በሬያቸው ተሸጦ፣ ከጎረቤት በሬ ለምነው አረሱ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ አቋሜን ልናገር። በአካባቢያችን «ኢንጀክተሩ ነው» የሚለው ቃል ምርመራ መሆኑ ቀርቶ የግምት መደበቂያ ሆኗል። ሳይፈተሽ ኢንጀክተር የሚያስቀይር መካኒክ ሐኪም አይደለም፣ ሎተሪ ቆራጭ ነው። ቆሻሻ ናፍጣ የምንቀዳ እኛም ንጹሐን አይደለንም። ትራክተር አስረክቦ ፎቶ ተነስቶ የሚሄደውም ከጥፋቱ ድርሻ አለው። አንድ በአንድ እንሂድ።

መጀመሪያ ኢንጀክተር ምን እንደሆነ እንወቅ። ናፍጣን እንደ ጉም አድርጎ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ዕቃ ነው። በብዙዎቹ በእጃችን ባሉ አሮጌ ትራክተሮች ላይ የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ ግፊት ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በየትራክተሩ መጽሐፍ ላይ አለ። ይህ በትራክተሩ የኋላ ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። የሚረጭባት ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ ናት። ውስጡ ያለችው መርፌ ከቤቷ ጋር ተለክታ የተሠራች ናት፤ በመካከላቸው ፀጉር እንኳን አይገባም። የሚያለሰልሳት ዘይት የለም፣ ናፍጣው ራሱ ነው የሚያለሰልሳት። እስቲ አስቡት፣ እዚህ ውስጥ ውሃ ሲገባ ምን ይሆናል? ትዝጋለች፣ ትጣበቃለች። አቧራ ሲገባ ይሞርዳታል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ሲሆን ደግሞ ማለስለሻዋን ታጣለች። ስለዚህ ምክንያቱን ሳታጠፉ አዲስ መግጠም ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። መካኒኩ ከመጠራቱ በፊት እናንተው የምታዩት ነገር አለ።

1. የጭሱን ቀለም እዩ። ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል ወይ አየር አንሷል። ነጭ ከሆነ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ወይም የራዲያተር ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ እንደሆነ ተመልከቱ። በብርድ ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ቢያሳይና ሲሞቅ ቢጠፋ አትደንግጡ። ሰማያዊ ከሆነ የሞተር ዘይት እየነደደ ነው፤ ይህ ከኢንጀክተር ጋር ብዙም አይገናኝም።

2. የአየር ፊልትሮውን ፍቱ። በደረቅ መሬት ላይ ሲያርስ የዋለ ትራክተር ፊልትሮው በአቧራ ይደፈናል። የአየር ፊልትሮ ተደፍኖ ጥቁር ጭስ ስላወጣ ብቻ ኢንጀክተር የተቀየረለት ትራክተር በዓይኔ አይቻለሁ።

3. ፓምፑ ተነክቶ እንደሆነ ጠይቁ። ይኼ ለእኛ አገር ደጋማ መሬት ዋና ነገር ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ ጀልዱ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ተርቦ የሌለው ሞተር ትንሽ ጉልበት ቢያንሰው ተፈጥሮው ነው። «ጉልበት ልጨምርልህ» ብሎ የፓምፑን ቡሎን የሚያዞር ሰው ግን ናፍጣ ብቻ ነው የሚጨምረው፤ አየሩን ከየት ያመጣዋል? ውጤቱ ጥቁር ጭስና የናፍጣ ወጪ ነው። ከዚያ በኋላ ጭሱ በኢንጀክተር ይላከካል።

4. የናፍጣ ፊልትሮውንና ስኒውን እዩ። ውሃ ካለ አፍስሱ። ፊልትሮው መቼ እንደተቀየረ ካላስታወሳችሁ መልሱ ግልጽ ነው፤ ቀይሩት።

5. የሞተር ዘይቱን ለኩ። ሳትጨምሩበት ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ትራክተሩን አቁሙት። ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ሊሆን ይችላል፣ ፓምፑም ሊሆን ይችላል። ዘይት ከናፍጣ ጋር ሲቀጥን ሞተሩን ይበላዋል። «ይህቺን ማሳ ልጨርስና» የሚባልበት ጊዜ አይደለም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ችግሩ ካለ፣ አሁን መካኒክ ይምጣ። ግን በዓይናችሁ ፊት ይፈትሽ። በአሮጌው ዓይነት፣ ኮምፒውተር በሌለው ሞተር ላይ ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ወደ እያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚሄደውን የቱቦ ዳዶ አንድ በአንድ በመፍቻ ትንሽ ያላላል፣ መልሶ ያጠብቃል። ሲያላላ የሞተሩ ድምፅ ከወረደ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር ማለት ነው። ድምፁ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ድሮም ሥራ አቁሟል። ደካማው ተገኘ ማለት ነው።

ግን አሁንም «ኢንጀክተር ነው» አይባልም። የዚያን ሲሊንደር ኢንጀክተር ከጤነኛው ጋር ያለዋውጠው። ችግሩ ከኢንጀክተሩ ጋር ወደ ሌላው ሲሊንደር ከሄደ፣ አዎ፣ ኢንጀክተሩ ነው። ችግሩ እዚያው ከቀረ ግን ቫልቭ፣ ፒስተን ወይም ፓምፕ ነው፤ መቶ ኢንጀክተር ብትገዙ አይድንም። ይህ ፈተና ዋጋው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በሬ አያስሸጥም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሚረጨውን ናፍጣ በእጃችሁ አትንኩ፤ ቀዳዳ ለመፈለግም በጣት አትዳብሱ። ያ ግፊት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ላዩ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው፤ ውስጡ ግን ሥጋውን ይመርዛል፣ ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ከደረሰባችሁ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ፣ «ናፍጣ በግፊት ገባብኝ» ብላችሁ ንገሩ። ኮምፒውተር ያለው አዲስ ዓይነት ትራክተር ከሆነ ደግሞ ቱቦውን ጨርሶ እንዳታላሉ። የእሱ ግፊት ከ1000 ባር በላይ ይሄዳል፤ ሰው ይገድላል።

ኢንጀክተሩ በእርግጥ ከሆነስ? መጀመሪያ በፍተሻ መሣሪያ ይታይ። ብዙ ጊዜ ኖዝሉን ብቻ መቀየርና ግፊቱን ማስተካከል ይበቃል፤ ሙሉ ኢንጀክተር አያስፈልግም። መርፌዋንና ቤቷን ከሌላው ጋር የሚያቀላቅል፣ የኖዝሉን ጫፍ በሽቦ ብሩሽ የሚፈገፍግ ሰው ካያችሁ ዕቃችሁን ተቀበሉት። ሲገጠም የድሮው ሮንዴላ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ ይታይ፣ አዲስ የመዳብ ሮንዴላ አንድ ብቻ ይግባ። ሁለት ከተደራረበ ኢንጀክተሩ ከቦታው ከፍ ይላል፣ አረጫጨቱ ይበላሻል። ቡሎኖቹ በግራና በቀኝ እኩል ይጥበቁ። ከዚያ አየሩ ይውጣ፤ መጀመሪያ ከፊልትሮው በእጅ ፓምፕ አረፋ እስኪያልቅ፣ ቀጥሎ ከፓምፑ፣ በመጨረሻ ከኢንጀክተሮቹ ቱቦ። ከሁሉም በፊት ግን ሰልባቲዮው ይታጠብ፣ ፊልትሮው ይቀየር። ይህን ያላደረገ አዲስ ኢንጀክተር ገጠመ አይባልም፣ ቀበረ ነው የሚባለው።

አሁን ወደ ራሳችን። ናፍጣ ሲጠፋ በጄሪካን ከየመንገዱ እንገዛለን። ማን እንደቀዳው፣ ምን እንደተቀላቀለበት አናውቅም። ችግሩ ይገባኛል፤ ሰኔ ላይ ማደያ ቀን ሙሉ ተሰልፎ ባዶ እጅ መመለስን አውቀዋለሁ። ግን ቢያንስ ይህን እናድርግ። የተቀዳ ናፍጣ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነካ ይረፍ፣ ውሃውና ጭቃው ወደ ታች ይወርዳል። ስትቀዱ ከሥሩ አንድ ጋት ትታችሁ ቅዱ። በጥሩ ወንፊት አጥሩት፤ በጥጥ ጨርቅ አይሁን፣ ጥጡ ይነቀልና ፊልትሮ ይደፍናል። የቆርቆሮ ቅብ ባለው፣ ማለትም ለጣሪያ ቆርቆሮ በሚቀባው ዚንክ በተለበጠ በርሜል ናፍጣ አታስቀምጡ፤ ዚንኩ ከናፍጣው ጋር ተዋሕዶ ኢንጀክተር የሚደፍን ዝቃጭ ያወጣል። ሰልባቲዮውን ማታ ከሥራ ስትመለሱ ሙሉት። ባዶ ሆኖ ካደረ በደጋው ብርድ ውስጡ ጤዛ ይሠራል፤ ያ ጤዛ ጠዋት ውሃ ነው።

«ፊልትሮ ተወዷል» የምትሉኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ ተወዷል። ግን የአንድ ፊልትሮ ዋጋ ከአንድ ኢንጀክተር ጋር አይወዳደርም፤ ከበሬማ ጋር አይነሳም። «መካኒኩ ሃያ ዓመት ሠርቷል» የምትሉም አላችሁ። እኔ ልምዱን አልንቅም፤ ከእኔ ዕድሜ ጋር የሚቀራረብ ልምድ ነው። ግን ሃያ ዓመት የሠራ ሰው የአንድ ሰዓት ፈተና ለምን ይፈራል? ጎበዝ መካኒክ ፈትሾ ያሳያችኋል። ፈተና ሲጠየቅ የሚቆጣውን ነው መፍራት። «የእርሻ ጊዜ ነው፣ ፋታ የለም» ላላችሁኝ ደግሞ መልሴ እነዚያ አባት ናቸው። ቸኩለው ስንት ቀን አተረፉ?

አሁን ለሌሎቹ ልናገር። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ ማሽኖች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ተፈቅዷል። ጥሩ ነው፣ እሰይ ነው። ትራክተር በዝቷል። ግን ኢንጀክተር የሚፈተሽበት መሣሪያስ? በእጅ የሚሠራው የኖዝል መፈተሻ እኮ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ፋብሪካ አይደለም። ለአንድ ኖዝል ፍተሻ ከጌዶ፣ ከባኮ አዲስ አበባ ድረስ ሰው መሄድ አለበት? ባኮ እኮ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኮትቻ መሬት ያለው የጊንጪ ሰው ያውቃል፤ ጥቁር አፈር ዝናብ ከጠገበ ትራክተር አያስገባም። የምትታረስበት ቀን በጣት የምትቆጠር ናት። ዕቃው ተፈትሾ እስኪመለስ ቀኗ አልፋለች።

የሚሠራው ሰውስ ጠፍቶ ነው? አምቦ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ ትምህርት ቤት ያላት ከተማ ናት፤ ዛሬ ያ ትምህርት ቤት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ መሐንዲስ ያስመርቃል። ባኮ የእርሻ ምህንድስና ምርምር ማዕከል አለው። የሙያ ኮሌጆች አሉ። ዩኒየኖች አሉ። አንድ ዩኒየን አንድ መፈተሻ ገዝቶ ሁለት ወጣት ቢያሠለጥን ስንት በሬ ከገበያ ይመለሳል? የቁልፍ ርክክብ ቀን ጭብጨባ ይኖራል፤ ትራክተሩ ሲቆም ግን አጠገቡ የሚቆመው ባለቤቱ ብቻ ነው። የሸጠ ሰው ሲሸጥ ሁለት ፊልትሮ፣ የሮንዴላ ስብስብና መጽሐፉን በምንረዳው ቋንቋ አብሮ የማስረከብ ግዴታ ይኑርበት። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም።

እኛም የልማት ሠራተኞች ራሳችንን እንይ። ኮሌጅ ስለ ትራክተር የተማርኩት ጥቂት ገጽ ነው። ያን ቀን «እሱ ባለሙያ ነው» ያልኩት ስለማላውቅ ነው፣ አለማወቄን መናገር ደግሞ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እነዚያ ሽማግሌ ጋ ሄጄ መፍቻ አቀብያቸዋለሁ፣ እጄ ናፍጣ ናፍጣ ሸቷል። ያላወቀ ባለሙያ «አላውቅም፣ ጠይቄ ልምጣ» ይበል። የገበሬ በሬ ከእኛ ኩራት ይበልጣል።

ትራክተር ካላችሁ ዛሬ ማታ ሁለት ነገር አድርጉ። የናፍጣ ስኒውን ፈትታችሁ እዩ፤ ከዚያ ረጅም ደረቅ እንጨት በርሜላችሁ ሥር አስገብታችሁ አውጡና ምን ይዞ እንደወጣ ተመልከቱ። ያያችሁትን ጻፉልኝ። በፈተና ደካማውን የለየ፣ ሳይቀይር የዳነለት ካለም ይንገረን፤ ሌላው ይማርበት። ኢንጀክተር ሊያስቀይር የተዘጋጀ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አድርሱለት።

መልካም የእርሻ ጊዜ!