እስኪመጣ የምንጠብቀው ሰው

የእኛ ሰው ደፋር የሚወደው በራሱ ፈንታ እስከተናገረለት ድረስ ነው። ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የቆየ የታሚል ፊልም ነው፤ «ኤንጋ ቪቱ ፒላይ» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ። ኤም ጂ ራማቻንድራን ብቻውን ሁለት መንትዮች ሆኖ ይሠራል። ፈሪው በሀብታም ቤት ቢያድግም የእህቱ ባል በአለንጋ ይገርፈዋል። በድህነት ያደገው ደፋሩ መንትያ በእሱ ቦታ ገብቶ አለንጋውን ይነጥቅና ገራፊውን ይገርፋል። ታሚልኛ አንድ ቃል ባልሰማም ለዚያ ትዕይንት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ተዋናዩ እ.ኤ.አ. በ1977 የሕንድ ግዛት የሆነችው የታሚል ናዱ ዋና ሚኒስትር ሆነ፤ በ1987 ሲሞትም በሥልጣን ላይ ነበር። የረጅም ጊዜ ፖለቲከኛ ቢሆንም፣ ሕዝቡ የመረጠው በፊልም ያየውን ጀግና ጭምር ነው።

አዳኝ መጠበቅ በእኛም ታሪክ አለ። አፄ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1607 ጎል በተባለ ቦታ ከዙፋን ተቀናቃኙ ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጋ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ደብረ ቢዘን ገዳም አካባቢ «ያዕቆብ እኔ ነኝ፤ ከጦርነቱ ተርፌያለሁ» የሚል ሰው ተነሣ። ፊቴ ቆስሏል እያለ በጨርቅ ይሸፋፈን ነበር፤ ብዙ ሰውም ተከተለው። ተገድሎ ጭንቅላቱ ለሱስንዮስ ሲቀርብ ጠባሳ አልተገኘበትም ይባላል። በእኔ እምነት ተከታዮቹን ያታለላቸው ጨርቁ ብቻ አይደለም፤ የሞተው ንጉሥ ተመልሶ እንዲያድናቸው ስለፈለጉ ፊትህን ግለጥ የሚለው ጠፋ።

ይህ ጥበቃ ዛሬም አለ። እዚህ መካነ ሰላም ላይ እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ የቀበሌ ስብሰባ አያመልጠኝም። ማዳበሪያ ዘግይቶ ሁሉም ሲያማርር ከርሞ፣ «አስተያየት ያለው?» ሲባል ጋቢውን ሰብስቦ ዝም ይላል። ከአዳራሹ እንደወጣን ግን ተናጋሪው ብዙ ነው። «የአዲስ አበባው ልጃችን ለአረፋ ይመጣል፣ እሱ ይንገርልን» ይላል አንዱ፤ «የእኛው ደግሞ ለገና አይቀርም» ይላል ሌላው።

ልጁ ይመጣል፣ በሚገባም ይናገራል፤ ኃላፊውም በአክብሮት ይሰማዋል። በሦስተኛው ቀን ግን አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ጉዳዩን የሚከታተል ይጠፋል። ኃላፊውም ይህን ያውቃል።

ፍርሃቱን አልንቅም። ብቻውን የተናገረ ሰው በክፉ ዓይን ይታያል። መድኃኒቱ ግን እንግዳ መጠበቅ ሳይሆን አብሮ መናገር ነው። አምስት ጎረቤታሞች አስቀድመው ተመካክረው፣ ተራ በተራ ተነሥተው አንድ ጥያቄ ቢያነሡ ነገረኛ ተብሎ የሚነጠል አይኖርም። ያሉትም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ከሁሉ በፊት ይነበብ፣ መልስ ይጠየቅበት። የአዲስ አበባው ልጃችን ሲመጣ እሰየው፤ አጠገባችን ይቀመጥና እኛ ስንናገር ይስማ።