ለጉልበት ሕመም «ብርድ ነው» መልስ አይሆንም

በሊንውድና በአካባቢው ከሚኖሩ ወገኖቻችን ጋር ስንገናኝ አዘውትረን የምንሰማው «ጉልበቴን አመመኝ» የሚለውን ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ ቆሞ የሚውለውም፣ ታክሲ የሚነዳውም፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውም «የሲያትል ብርድ ነው» ወይም «እርጅና ነው» እያለ ኪኒን ይውጣል። በእኛ እምነት ይህ ልማድ ይብቃ።

ሕመሙ ብዙውን ጊዜ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልምአጥንት እየሳሳ ሲሄድ የሚመጣ ነው። ስንራመድ አብዛኛው ጫና የሚያርፈው በጉልበት ውስጠኛው ጎን ላይ ነው። እግሩ እንደ ደጋን ወደ ውጭ በጎበጠ ሰው ላይ ደግሞ ጫናው ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ እግራቸው እንዲህ በሆነ ሕሙማን ላይ በ18 ወራት ውስጥ የጉልበቱ ጉዳት በዚያው ጎን የመባባስ ዕድሉ 4 እጥፍ ያህል ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ በከፊል ከጉልበት በላይ ነው። በአንድ እግር ስንቆም ሰውነታችን ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዙት የዳሌ ጎን ጡንቻዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ከ89 ሕሙማን መካከል ለ12 ሳምንታት የዳሌ ጡንቻቸውን ያጠናከሩት ሕመማቸው ቀለለላቸው። በጉልበታቸው ላይ ያለው ጫና ግን አልቀነሰም። ስለዚህ «ስፖርት የጎበጠ እግር ያቀናል» የሚላችሁን አትመኑ። «እግሬ ጎባጣ ነው፣ ምን ዋጋ አለው» ብሎ መቀመጥም አይበጅም።

እንቅስቃሴው ገንዘብ አይጠይቅም። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ማንሳትና ማውረድ አንዱ ነው። ክብደት መቀነስም ጉልበትን ያሳርፋል። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ሰውን መሸከም ካቃተው ግን ሐኪም ሳይዘገይ ይየው።

ወገኖች ሆይ፣ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ኪኒን ብቻ ተቀብላችሁ አትውጡ፤ ፊዚዮቴራፒ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብላችሁ አትቅሩ። ቤተ ክርስቲያኖቻችን፣ መስጊዶቻችንና ዕድሮቻችንም ለሐዘን እንደሚሰበስቡን ሁሉ፣ አንድ ባለሙያ ጋብዘው በአማርኛ ያስተምሩን። ሰው ከተኛ በኋላ ከመጠየቅ፣ ቆሞ ሳለ መርዳት ይሻላል።

ቸር ይግጠመን።